አልጋ ወራሹና የተዘጋው በር፤ «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» የተባለውን ፊልም ከወሎ ሆኖ ስለ መመልከት

ሀብትና አልጋ የሚወርስ ልጅ በሰው ዓይን ሲታይ ከልጆች ሁሉ የታደለ ይመስላል። የሲኒማ ጥበብ ከተጀመረ ወዲህ ግን ይህንን የታደለ ልጅ ይዘው ከተነሡት ታላላቅ ፊልሞች ብዙዎቹ የሚያሳዩን ቤት ያጣ ሰው ነው። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣው «ሲቲዝን ኬን» በሕፃንነቱ ከእናቱ ተለይቶ የማዕድን ሀብት ስለ ደረሰው፣ ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለቱም ትዳር ስለ ፈረሰበት፣ በመጨረሻም በዕቃ በተሞላ ሰው በሌለበት አዳራሽ ስለ ሞተ ቱጃር ይናገራል። ከዚህ ወገን ከሆኑት ሁሉ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም ወሎን ለሚያውቅ ሰው፣ ቀርቦ የሚታየን ኢጣሊያዊው በርናርዶ በርቶሉቺ እ.ኤ.አ. በ1987 ያዘጋጀው «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን፤ አስቀድመን ፊልሙን እንመልከት።

ፑ ዪ በቻይና ዙፋን ላይ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1908 መጨረሻ፣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። በ1912 ዙፋኑን እንዲለቅ ሆነ፤ ነገር ግን ቤጂንግ በሚገኘው «የተከለከለው ከተማ» በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከነጃንደረቦቹና ከነሥርዓቱ እስከ 1924 ድረስ እንዲኖር ተፈቅዶለት ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ሪፐብሊክ ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግድለታል። ኋላም ጃፓኖች በማንቹሪያ ለስሙ ያህል ንጉሠ ነገሥት አድርገው አስቀመጡት፤ በ1945 የሶቪየት ጦር ማረከው፤ ለአዲሲቱ ቻይና ከተሰጠ በኋላ እስከ 1959 በእስር ኖሮ፣ በ1967 እንደ ማንኛውም ዜጋ ሞተ። ፊልሙ በአብዛኛው የተመሠረተው ፑ ዪ ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ነው። በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዲነሣ የተፈቀደለት የመጀመሪያው የምዕራባውያን ረዥም ፊልም ሲሆን፣ በቀረበበት ዓመት 9 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። ስለ ልብሱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት ብዙ ተጽፏልና እኛ በዚህ አንቆይም።

እኛን የሚያቆየን የበሩ ነገር ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በባቡር ጣቢያ ነው። እስረኛው ፑ ዪ ከአንድ ክፍል ገብቶ በሩን በመዝጋት የእጁን ሥር ይቆርጣል፤ በውጭ ያለው ሹም «በሩን ክፈት» እያለ ይደበድባል። ከዚያ ድምፅ ላይ ታሪኩ ወደ ሕፃንነቱ ይመለሳል። ጡት ያጠባችውን ሞግዚት ከቤተ መንግሥት ሲያስወጡበት ልጁ ተከትሎ ይሮጣል፤ አይደርስባትም። እናቱ ስትሞት በብስክሌት ወደ ውጭ ሊወጣ ይሞክራል፤ ዘበኞቹ ታላቁን በር ይዘጉበታል። እርሱም በቁጣ ይዞት የኖረውን አይጥ ከበሩ ላይ ይወረውረዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በማንቹሪያ ሚስቱን በመኪና ሲወስዱበት እንደ ገና ይሮጣል፤ ያን ጊዜም በሩ በፊቱ ይዘጋል። ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የሚጠራው ሰው በሕይወቱ ሙሉ የአንድ በር ጌታ አልነበረም ማለት ነው። በርቶሉቺ ይህንን ነገር በንግግር ሳይሆን በሥዕል መናገሩ ትልቅ ሥራ ነው።

የሀብቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ወጣቱ ፑ ዪ በግምጃ ቤት ያለውን ንብረት ልቍጠር ባለ ጊዜ ግምጃ ቤቱ በእሳት ይቃጠላል፤ ለዘመናት ሲሰርቁ የኖሩት ጃንደረቦች ማስረጃውን ማጥፋታቸው ነው። ወራሽ ሲባል ያለውን የማያውቅ፣ ያለውን ለማወቅ የጠየቀ እንደ ሆነም ያለው ሁሉ የሚቃጠልበት ሰው ሆኖ ይታያል። ይህንን ክፍል ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ ብናሳይ ደስ ይለናል፤ የንብረት ቈጠራ ምን ያህል አስፈሪ ነገር እንደ ሆነ እነርሱ ከማንም ይልቅ ያውቁታልና።

ወደ ትዳሩ እንግባ። ፑ ዪ በመጽሐፉ እንደ ነገረን ሚስት የመረጠው ከአራት ፎቶግራፎች መካከል በእርሳስ ክብ በማድረግ ነው። መጀመሪያ ያከበባት ዌን ሺው የምትባለውን ነበረ፤ የቤተ መንግሥቱ ባልቴቶች ግን ይህች አትሆንም ብለው ዋን ሮንግ የምትባለውን ሌላይቱን እንዲያከብብ አደረጉ። እንግዲህ ሁለቱም መጡ፤ ሁለተኛይቱ ንግሥት፣ የመጀመሪያይቱ ዕቁባት ሆኑ። ሠርጉም የተደረገው በ1922 ነው። በፊልሙ ውስጥ በጫጉላው ሌሊት ዋን ሮንግ የሙሽራውን ፊት በከንፈር ቀለም ምልክት ትሞላዋለች፤ ሁለቱም ልጆች እንደ ሆኑና ሌላ ሰው ባደራጀው ጨዋታ ውስጥ እንደ ገቡ ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ትዕይንት በሲኒማ ብዙ አላየንም። ዋን ሮንግን የምትጫወተው ጆአን ቼን ናት፤ ፑ ዪን በጎልማሳነቱ የሚጫወተው ጆን ሎን ነው። ጆን ሎን አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ ንጉሥነቱን፣ እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ደግሞ እስረኛነቱን ባንድነት ያሳየናል። ጆአን ቼን ግን ከእርሱ ትበልጣለች እንላለን። በማንቹሪያ የንግሥ በዓል ላይ በግብዣው መካከል ብቻዋን ቆማ አበባ እየቀነጠሰች እየበላች የምታለቅስበት ጊዜ አለ። አንድ ቃል አትናገርም። ትዳሩ እንዴት እንደ ፈረሰ ግን የቀረውን ሁሉ ተናገረች።

ከዚህ ላይ ነው የፊልሙ ጉድለት የሚታየን። ዌን ሺው በ1931 ባሏን ፈትታ ሄደች። በፊልሙ ከቤት የምትወጣው በዝናብ ነው፤ አሽከር ጃንጥላ ይዞ ሲከተላት አልፈልግም ብላ ወርውራለት ትሄዳለች። ውብ ትዕይንት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ፈጽሞ ይረሳታል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሴቲቱ ሕይወት የሚጀምረው፤ ንጉሠ ነገሥት ነኝ የሚለውን ባል በሕግ ፈትታ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተማሪ ሆና እንጀራዋን በላብዋ በልታለች። በሩን ከፍቶ የወጣ ሰው በዚያ ቤተ ሰብ ውስጥ ከተፈለገ እርስዋ ናት። የፊልሙ አዘጋጅ ስለ ተዘጋ በር 160 ደቂቃ ያህል ሲነግረን በሩን ለከፈተችው ሴት ጥቂት ደቂቃ ብቻ መስጠቱ ያስደንቃል። ፑ ዪ አሽከሮቹን በጭካኔ ያስደበድብ እንደ ነበረ በገዛ እጁ የጻፈውንም ፊልሙ አለዝቦ አሳልፎታል። ወራሹ የሚያሳዝን ብቻ እንዲሆን ተፈልጎ በወራሹ እጅ ያዘኑት ሰዎች ከሥዕሉ ጠርዝ ወጥተዋል ማለት ነው። የባለጠጋን ቤት ታሪክ የሚያሳዩ ፊልሞች ይህ ደዌ አዘውትሮ ይይዛቸዋል።

አሁን ይህ ፊልም ለወሎ ሰው ቀርቦ ይታያል ያልንበትን ምክንያት እንናገር። ፑ ዪ ዙፋን ላይ ከተቀመጠ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሌላ ልጅ አልጋ ወራሽ ተብሎ ታወጀ፤ ልጅ ኢያሱ ናቸው። አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል፣ እናታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ። እናታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተዋል። በፑ ዪ ላይ አባቱ እንደራሴ እንደ ተሾመ ሁሉ በልጅ ኢያሱም ላይ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ተሾሙባቸው፤ ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ገዝተው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአልጋ ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኑ። ልጅ ኢያሱም በአፋር በረሃ ሲንከራተቱ ኖረው በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ታሰሩ፤ በ1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ከሕፃንነት አልጋ እስከ እስር ቤት ድረስ ሁለቱ ሕይወቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሳሰሉት ግን በትዳሩ ነው። ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም.፣ አልጋ ወራሽነታቸው ሊታወጅ ሲል፣ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅና የእቴጌ ጣይቱ የሥጋ ዘመድ የሆኑትን ወይዘሮ ሮማነ ወርቅ መንገሻን አገቡ ተባለ፤ በእውነቱ ግን የተጋቡት የትግሬና የሸዋ ቤቶች ነበሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲርቁ ያ ጋብቻ ባልና ሚስት ሳይገናኙ ፈረሰ። ወዲያውም በሚያዝያ የጎጃሙ የራስ ኃይሉ ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ተዳሩላቸው። ይህን ጊዜ የተጋቡት የጎጃምና የሸዋ ቤቶች መሆናቸው ነው። ባንድ ዓመት ውስጥ የተደረገውን ይህን ነገር መኳንንቱ ብልህነት ብለውታል። በመጽሐፍ ስናነበውም ሁላችንም ብልህነት ብለን አልፈነዋል፤ ከሁለቱ ወይዛዝርት ግን አንዲቱስ ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ ጸሓፊ እምብዛም አናገኝም። የሚታወቁት የማን ልጅ እንደ ሆኑ ብቻ ነው።

ኋላ ልጅ ኢያሱ ራሳቸውን ሲችሉ ራሳቸው ሚስት ማግባት ጀመሩ፤ ከእስላም ባላባቶችም ቤት አገቡ። ይህም ከአልጋ ሲወርዱ በቀረበባቸው ክስ ውስጥ ሃይማኖት ለወጡ ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ። እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ይህንን ይመዝን። ሽማግሌዎች ያደረጉት ጋብቻ መንግሥት ማጽናት ተባለ፤ ልጁ ራሱ ያደረገው ጋብቻ ግን መንግሥት ማፍረስ ተባለ። ሁለቱም ቤትን ከቤት፣ አገርን ከአገር ለማሰር የተደረገ ነበረ። እኛ ልጅ ኢያሱ ንጹሕ ነበሩ ብለን ለመሟገት አልተነሣንም፤ የትዳር ጠባያቸው በዘመኑ የነበሩ ሰዎችን እንዳስመረረ የታወቀ ነው፤ ለተተዉት ሴቶችም የሚቈረቈር ሰው መኖር አለበት። ሃይማኖታቸውን ለወጡ ወይስ አልለወጡም የሚለውንም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ኤሎይ ፊኬና ቮልበርት ስሚት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ልጅ ኢያሱ ሕይወትና ዘመን ያሳተሙት የብዙ ጸሐፍት መድበል ጉዳዩን እንደ ገና ከፍቶታል። የእኛ ነገር ሌላ ነው፤ ይህንን ታሪክ በፊልም የሚያይ ሰው የት ቆሞ ያየዋል የሚለው ነው።

ይህንን ጥያቄ ወደ ከሚሴ ይዘን እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን አልፎ፣ በሸዋ ሮቢትና በሰንበቴ በኩል አድርጎ፣ አጣዬን ሲያልፍ ከሚሴ ይደርሳል። ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነው። በአጠገቡ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ አለ፤ በበጋ ጊዜ አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ ይወርድበታል። በዞኑ ውስጥ ያለችው ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ከደጋ የመጣው እህልና ከቆላ የመጣው ግመል የሚገናኙት በእርስዋ ነው። በዚህ አገር ኦሮምኛ የሚናገር እስላም ከአማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ጋር በገበያ፣ በለቅሶና በሠርግ ተቀላቅሎ ኖሯል። በወሎ ባንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ሙሐመድ፣ ሁለተኛው ኃይለ ማርያም ተብሎ መጠራቱ እንደ ተአምር አይቈጠርም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ይባሉ አልነበረምን?

እንግዲህ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሰው እንደ ድንጋጤ የታየው ነገር ለከሚሴ ሰው የጎረቤት ወሬ ነው። አልጋ ወራሹ ከእስላም ቤት አገባ ቢሉት «የማንን ልጅ? መህርዋስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አገር ፈረሰ አይልም። ይህ ጥያቄው ደግሞ የቀልድ አይደለም። በእስልምና ሥርዓት ኒካሕ ሲታሰር የሙሽራይቱ ወሊይ ስለ እርስዋ ይቀመጣል፤ መህርዋ በምስክር ፊት ይነገራል፤ የእርስዋም ፈቃድ ይጠየቃል፤ ወይም ሊጠየቅ ይገባል። በተግባር ስንት ጊዜ እንደ ተጠየቀች የከሚሴም የአዲስ አበባም እናቶች ያውቁታል፤ እኛ በዚህ የከሚሴን ሰው ከሌላው አስበልጠን ለማመስገን አንሻም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ለፊልም ሥራ ትልቅ መክፈቻ ነው። የወራሽን ጋብቻ ከሙሽራይቱ ፈቃድ ጀምሮ የሚመረምር ፊልም በርቶሉቺ ከደረሰበት አልፎ ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ላይ የፎቶግራፍ ነገር አለ። ፑ ዪ ሚስቱን በፎቶግራፍ መረጠ ብለናል። ልጅ ኢያሱ ደግሞ በፎቶግራፍ ተወቀሱ። የእስላም ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ሥዕል በአገሩ ሁሉ ተወርቶበታል፤ ሥዕሉ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነተኛ ቢሆንስ የለበሱትን አገር ልብስ መልበስ ምን ወንጀል አለበት የሚሉም አሉ። ለሲኒማ ሰው ይህ ክርክር የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። አንድ ጥምጥም በሥዕል ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ ክሕደት ነው ብሎ እንዲያነብበው የሚያደርገው ማን ነው? በፊልም ውስጥ የከሚሴ ወይም የባቲ ሰው ሽርጡን ታጥቆ ብቅ ሲል ከበስተኋላ የሚያስፈራ ሙዚቃ የሚያስገባ አዘጋጅ ያንን የመቶ ዓመት ክስ እንደ ገና ፈረመበት ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ በጎረቤታሞች መካከል የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ሰው ይህ የልብስና የሙዚቃ ጉዳይ ትንሽ ነገር ነው አይለንም። ሰው ጎረቤቱን በገዛ ዓይኑ ማየት ትቶ በሌላ ሰው ሥዕል ማየት ሲጀምር ምን እንደሚከተል አይተናል።

«የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» ከዚህ ሌላ የሚያስተምረን አንድ ስሕተት አለው። ቻይናዎቹ ሁሉ፣ ከንጉሡ ጀምሮ እስከ አሽከሩ ድረስ፣ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ለገበያው ተብሎ የተደረገ መሆኑ ይገባናል፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው መምህር ሬጂናልድ ጆንስተን፣ ፒተር ኦ ቱል የተጫወተው፣ ወደ ልጁ ክፍል በገባ ጊዜ ሊሰማን የሚገባው የባዕድነት ስሜት ግማሹ በዚህ ምክንያት ይጠፋል። ሁሉም አንድ ቋንቋ ከተናገረ ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደ ሆነ በጆሮ አይለይም። የልጅ ኢያሱን ታሪክ ፊልም ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከዚህ መጠንቀቅ አለበት። ልጁ የወሎ ልጅ ናቸውና የሚሰሙት ቋንቋ ሸዋ ሲደርሱ ሌላ፣ ጨፋ ሲወርዱ ሌላ፣ አፋር ሲገቡ ሌላ መሆን ይገባዋል። ኦሮምኛው በትክክለኛው በወሎ አነጋገር ይነገር፤ ለዚህም ከከሚሴ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከደዋ ጨፋ ተጫዋች መፈለግ እንጂ አዲስ አበባ ያደገውን አክተር ምላሱን ማስጠምዘዝ አይበቃም። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የትያትር ክበቦች ለዚህ ሥራ ሰው ሊያወጡ እንደሚችሉ እናምናለን።

አጀማመሩንም ቢጠይቁን የምንለው አለን። በሠርግ ይጀመር፤ ነገር ግን በወራሹ ፊት አይደለም። ገና ሕፃን የሆነች የንጉሥ ዘር ሙሽራ በድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ በውጭ ያሉትን ሽማግሌዎች ድምፅ ስትሰማ እንያት። ስለ እርስዋ ይናገራሉ፤ ስምዋን አይጠሩም፤ የአባትዋንና የአያትዋን ስም እየጠሩ ይጨርሳሉ። ካሜራው ከእርስዋ ጋር ውስጥ ይቀመጥ፤ ሙሽራውንም እርስዋ በምታየው መጠን ብቻ እንየው፤ ማለትም በድንኳኑ ስንጥቅ በኩል ከበቅሎው ሲወርድ የእግሩን ጫማ ብቻ።